ቀስቱ ያላለፈበት ገለባ

ባለቤቴ በዲላና በገደብ መካከል ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ሲያጣብበው ዳር ያዘ። ጎማው ተንሸራተተና ቦይ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ደነገጡ፣ አንዳንዶቹም ተላላጡ፤ ከዚያ የባሰ የደረሰበት አልነበረም። የእሱ ቀኝ ትከሻ ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ትከሻው አይደለም።

«ሁሉም በእግራቸው ነው የወረዱት» አለኝ። «አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ወርደዋል።»

ከሆስፒታል ወጥቶ እቤት ከገባ በኋላም ይህንኑ ሲደጋግም ሰነበተ።

አጥንቱ ጊዜውን ጠብቆ ገጠመ፤ ክንዱ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አለ። እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት አቃተው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰፊ ላስቲክ ሰጥታ፣ በር እጀታ ላይ እያሰረ ወደ ኋላ እንዲስብ ነገረችው። ለጥቂት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ሰለቸው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ጠዋት በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ ትቼው እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ላስቲኩም እበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ሠራህ?» ስለው «ሠርቻለሁ» ይለኛል። እንዳልሠራ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ሲስቅ ድምፁ ከሩቅ ይለያል። ያን ሰሞን ግን ራት የምንበላው ሬዲዮ ከፍተን ነበር፤ ዝምታውን አልቻልኩትማ።

ልጃችን አዲስ አበባ ስፖርት ሳይንስ ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ ረጅም የጨርቅ ቦርሳ አንግታ ከመኪና ወረደች። ውስጡ ደጋንና ጥቂት ቀስቶች ነበሩ። የምትሠለጥንበት ክለብ ለጀማሪ የሚያስይዘው፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሲስቡት ቀለል የሚል የእንጨት ደጋን ነው፤ ተውሳ ነው ያመጣችው።

«አባዬ፣ ይሄ ከላስቲኩ ጋር አንድ ነው» አለችው። «ልዩነቱ፣ በዚህኛው ስትስብ መጨረሻ ላይ የሆነ ቦታ የሚደርስ ነገር አለ።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

በማግሥቱ ደጋኑን ይዘን ባለሙያዋ ጋ ሄድን። ራሷ ስባ ሞከረችው፤ ከዚያ ክንዱን ደግፋ እሱን አስሞከረችው። «ካላመመዎት ቀስ እያሉ ይሳቡ፤ ሲደክምዎት ያቁሙ» አለች። ፈቃድ አገኘን ማለት ነው።

ጓሯችን ጠባብና ረጅም ነው። ወደ ታች ዘቅዘቅ እያለ ሄዶ ከጎረቤታችን የእንሰትና የቡና ማሳ ጋር በአጥር ይገናኛል። ልጃችን አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ አጣጥፋ፣ በገመድ ጠፍራ አጥሩ ሥር አቆመችውና ክብ ሣለችበት። የመጀመሪያዎቹ ቀስቶች እሳሩ ላይ ነበር የሚወድቁት። ቀስ በቀስ ስፖንጁ ጋ መድረስ ጀመሩ። ልጃችን ወደ ትምህርቷ ከተመለሰች በኋላም እሱ አልተወውም። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጓሮ ዞሬ ቆሜ አየዋለሁ። ራት ላይ የዛሬዋ ቀስት እንዴት እንደሄደች፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር ይነግረኛል። ሬዲዮውን መክፈት ተውን።

ስፖንጁን ግን ልብ አላልነውም። ቀስቱ ደጋግሞ የሚያርፍበት መሃሉ ከውስጥ ተበልቶ ነበር። ከፊት ሲያዩት ደህና ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እሱ ስቦ ለቀቀ። ሁልጊዜ የምሰማው ድምፅ አልመጣም። ዞር ስል ስፖንጁ ላይ ቀስት የለም። ባለቤቴ ደጋኑን እንደያዘ ቆሟል፤ ፊቱ ደም የሚባል ነገር የለበትም። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ማሳቸውን እንደሚያርሙ ሁለታችንም እናውቃለን። ጆሯችንን አቀናን። ምንም የለም። ወፍ እንኳ የሚጮህ አልመሰለኝም።

«አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም።

ባለቤቴ ደጋኑን ጥሎ ሮጠ። በዋናው በር ወጥቶ በመንገዱ ሊዞር ሲል እሳቸው ራሳቸው ቀስቷን በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆመው አገኛቸው። ሽማግሌ የጌዴኦ ገበሬ ናቸው። እኛ እዚያ ሰፈር ከመግባታችን በፊት ጀምሮ የኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

«እንሰት ነው የወጋው» አሉ። «እኔ እዛ ሥር ጎንበስ ብዬ ነበር።»

ባለቤቴ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ደህናውን ክንዱን ይዘው አስቀሩት። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። የእሳቸው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም ሁልጊዜ እንደ ወንድ ነው የሚያናግሩኝ።

«ልጄ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» አሉኝ። «ይኸው፣ ቆሜያለሁ።»

ቀስቷን ሰጡንና ቡና ሳይሉ፣ ውኃ ሳይሉ ተመለሱ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ያ ለባለቤቴ ይበልጥ ከበደው። ደጋኑን ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው።

«እግዚአብሔር ተሳፋሪዎቹን አተረፈልኝ» አለኝ። «ዛሬ ደግሞ እኚህን ሰውዬ አተረፈልኝ። ሦስተኛ አልጠይቀውም።»

ልክ ነበር። ግን በረንዳው ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ሳየው አላስቻለኝም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ክንዱ ወደ ሰውነቱ ጥብቅ ብሎ መለጠፍ ጀመረ። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ በግራው ሆነ። ሬዲዮው ተከፈተ።

ደጋኑ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ስፖንጁ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀስትን በእርግጥ የሚያቆም ነገር ካገኘሁና ጓሯችንን ካስተካከልኩ፣ ምናልባት እሺ ይለኛል። ለእሱ ሳልነግረው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለሚያስተምረው የስፖርት መምህር አጫወትኩት። ወጣትና ነገር የማይከብደው ሰው ነው። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀርባ ተቆርጦ የቀረ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ። «እዚያ ጋ እንሞክረው፤ ቢያልፍም አፈር ነው የሚያገኘው» አለኝ። ደጋኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ ባለቤቴ ሳያየኝ ማውጣት ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው የቡና ገለፈት ነው። እዚህ አገር የቡና ገለፈት የትም አይታጣም። ጆንያ ሙሉ ጠቅጥቀን አፉን ሰፍተን አቆምነው። ቀስቶቹን ጥሩ አድርጎ ያዘ፤ ደስ አለን። በማግሥቱ ግን ገለፈቱ ወደ ታች ተንዶ ግማሹ ጆንያ ባዶውን ቀረ፤ ቀስቶቹ ከበሱት ቀዳዳዎችም ይንጠባጠብ ጀመር። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሞቀ፣ ሸተተ፣ ጉንዳን ሰፈረበት። ዘበኛው «ይሄን ነገር አንሱልኝ» እስኪለን ድረስ።

ጣውላም ሞከርን። ቀስቱን አቆመው፤ ግን አልመልስ አለው። ስንስብ ዘንጉ ወጣና ጫፉ ውስጥ ቀረ። ደረቅ የእንሰት ቅጠልና ልጥ አስረን ሞከርን፤ ቀስቷ እንደ መጋረጃ ገልጣው ሄደች። ልባሽ ጨርቅ እንጠቅጥቅ አለ መምህሩ። እኔ አልፈለግሁም። ዝናብ የጠጣ ጨርቅ ሲሸት አውቀዋለሁ፤ ደግሞ ያ ሁሉ ቁልፍና ዚፕ ውስጡ እያለ ቀስት ነጥሮ ቢመለስስ?

ለልጄ ደወልኩላት። የሆነውን ስነግራት «ሰው ተጎዳ?» አለች። «አልተጎዳም» ስላት ስትተነፍስ ተሰማኝ።

«እማዬ፣ እኛ የምንጠቀምበት ከውጭ የሚመጣ ስፖንጅ ነው፤ እሱም ፀሐይ ይበላዋል» አለችኝ። «ግን መጋዘን ውስጥ አንድ አሮጌ አለ። ከገለባ የተሠራ ክብ ነገር። አሠልጣኛችን ከሁሉ የቆየው እሱ ነው ይላል። ቆይ ፎቶ ልላክልሽ።»

ፎቶው ሲመጣ ክፍል ልገባ ስል ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ክንድ የሚያህል የገለባ ጥቅል፣ ከመሃል ተነስቶ እየዞረ እየዞረ የሰፋ፣ ዙር ከዙር ጋር በገመድ የተሰፋ። ሰፌድ ነው። ከማውቀው ሰፌድ ሁሉ የገዘፈ፣ የወፈረ ሰፌድ። እናቴ ከጎንደር ወደዚህ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሙያ ስፌት ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ወስፌ ይዤ ጎኗ እቀመጥ ነበር። ካገባሁ ወዲህ ግን ነክቼው አላውቅም።

ለገመዱ አልተቸገርኩም፤ ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ በየገበያው በእስር ይሸጣል። የቸገረኝ ገለባው ነው። በሬ ያበራየው ጭድ ተሰባብሮ ያጥራል፤ ለጥቅል የሚሆነው ረጅሙ፣ ያልተረገጠው ነው። አጥሩ ሥር ሆኜ ለስፖርት መምህሩ በስልክ ይህንን ሳስረዳ ጎረቤታችን ሰምተዋል።

«ልጄ፣ ገለባ ፈለግህ?» አሉኝ ከወዲያ። «ለከብት ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ያቺኑ ቀስት ተመልሳ እንድትወረወር ነው የምፈልገው ብሎ ለእሳቸው መንገር እንዴት እንደሚያሳፍር። አጥሩን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ ቀስቷ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ባልህ ዝም ብሎ ይቀመጣል» አሉ። «አያለሁ። ጥሩ አይደለም። እህቴ ቡሌ ነው የሚኖረው፤ ገብስ አለው። አብረን እንሄዳለን።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። ደጋው ቡሌ ስንደርስ ጭጋግ ነበር፤ እኔ በቀጭን ሹራብ ሄጄ በብርድ ተንቀጠቀጥኩ። ከመኪና ከወረድን በኋላ በጭቃ ረጅም መንገድ በእግራችን ሄድን። እህታቸው ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ለቤት ክዳን ብለው በዱላ ወቅተው ያስቀመጡት ረጅም የገብስ ገለባ ነበራቸው፤ ከክዳን የተረፈውን ሰጡን። ወንድማቸው በጌዴኦኛ ለምን እንደፈለግነው ሲነግሯቸው ወደ እኔ ዞረው ብዙ ሳቁ። ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«ወንድሜን እንዳይወጋ ከሆነ ጨምረህ ውሰድ ይላል» አሉኝ ጎረቤታችን።

ጨምረንም ወሰድን። አንድ አይሱዙ ከጎመን ጆንያዎች ላይ ጭኖ ዲላ ቤታችን ድረስ አደረሰልን።

ባለቤቴ የገለባውን ክምር በረንዳው ላይ ሲያየው ወንበሩን ገፋ አደረገ። «ቀስት የሚያቆም ክብ ልሰፋ ነው» አልኩት። ገለባውን ውኃ ረጨት ረጨት አደረግሁበት፤ ደረቁን ከጠመዘዙት ይሰበራል። ቃጫ እየጠመጠምኩ ጥቅሉን ጀመርኩ። ወስፌ ለዚህ ሥራ ስንጥር ያህል ሆነብኝና አንድ በያጅ ጋ ሄጄ ቀዳዳ ያለው ረጅም ብረት አሾለልኝ። መሃሉን እንደምንም ዞርኩት። ከዚያ በላይ ግን እጄ አልችል አለ። ጥቅሉን አጥብቄ ስይዝ ስፌቱ ይላላል፤ ስፌቱን ስስብ ጥቅሉ ይፈታል።

ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆየ።

«ላልቷል» አለ።

«አያለሁ።»

«እንደዚህ ከላላማ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ተነስቶ መጣና አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የጥቅሉን ጫፍ በግራ እጁ ያዘ፤ አልበቃውም። ቀኙን ጨመረ። እግሩን በመቀመጫው እንጨት ላይ አስደግፎ ሳበ። ጥቅሉ ሲጠብቅ ጭርር ሲል ተሰማኝ። እኔ ቶሎ ብዬ ብረቱን ሰካሁና ቃጫውን አሳልፌ አሰርኩ። ስለ ክንዱ ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር የሚለቀው መሰለኝ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ እሱ እየሳበ እኔ እየሰፋሁ። ጎረቤታችን ከማሳቸው ሲመለሱ ጎራ ይሉና ቃጫውን ጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ ያደርጉልናል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን እሳቸውን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። እሳቸው ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ገደብ ስላለው ዘመዳቸው ያወራሉ። በኋላ በኋላ እሱም ስለ ገደብ መንገድ መመለስ ጀመረ፤ የትኛው ኩርባ ላይ ምን እንዳለ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚያዳልጥ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ሁለቱ ሲስቁ ሰማሁ። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅሁም። እዚያው ቆሜ እጄን በፎጣ ስጠርግ ቆየሁ።

ክቡ አልቆ ሲቆም ደረቴ ጋ ይደርሳል። አንድ ብቻውን አይበቃም ብሎ ባለቤቴ ሁለተኛ አሠራኝና ጀርባ ለጀርባ ሰፋናቸው። ብቻዬን የማላነሳው ሆነ።

ቢሆንም ጓሮ ውስጥ አልሞክረውም አለ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወሰድነውና አፈሩ ግድግዳ ፊት በቀርከሃ መቆሚያ ላይ አቆምነው። እኔ ከክፍሌ አንድ ማኒላ ወረቀት አምጥቼ ከጀርባው ሰቀልኩበት፤ የቀስት ጫፍ ቢወጣ ወረቀቱ ይናገራል። ጎረቤታችንም መጥተው ነበር፤ ማንም አልጠራቸውም። ከባለቤቴ ጀርባ፣ ከእኔና ከመምህሩ ጋር ቆሙ።

ባለቤቴ ደጋኑን አነሳ። ግማሽ ድረስ ሳበ። ወደ ታች አወረደውና ሽማግሌው የት እንደቆሙ ዞሮ አየ። እንደገና ስቦ ለቀቀ።

ድምፁ ድፍን ነበር፤ ከባድ ጆንያ መሬት ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ያለ። ቀስቷ ከመሃሉ ዝቅ ብላ ቆማለች።

ሽማግሌው ከሁላችን ቀድመው ሄዱ። ከጀርባው ዞረው፣ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩት፤ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«የለም» አሉ። «ምንም የለም።»

ባለቤቴ ያሉትን ቀስቶች በሙሉ ወረወረ። በየመሃሉ እሳቸው እየሄዱ ወረቀቱን ይዳስሳሉ፤ ሁልጊዜም መልሳቸው ያው ነበር። የመጨረሻውን ከወረወረ በኋላ ባለቤቴ ደጋኑን ለመምህሩ ሰጠውና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጀርባው በላብ ርሶ ነበር።

ቀስቶቹን ስንነቅል ሌላ ደስ የሚል ነገር አየን። አንድ እጅን ገለባው ላይ ደግፈው፣ በሌላው ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ሲስቡት ቀስቱ በቀላሉ ይወጣል። ቀዳዳውም ወዲያው ይደፈናል፤ ገለባው ተጠግቶ ቦታውን ይዘጋዋል። ስፖንጁ እንዲህ አያደርግም ነበር፤ የተበላው እንደተበላ ይቀራል።

ጓሯችንንም ለወጥነው። አሁን የሚወረወረው ወደ ታች ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ላይ፣ የቤቱ መሠረት ሲቆፈር የወጣው አፈር ወደተከመረበት ነው። ክቡን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ አናቱ ላይ ቆርቆሮ አለበስነው። ባለቤቴ በየጊዜው ትንሽ ያዞረዋል፤ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይጎዳ። ከመወርወሩ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ከጀርባው ዞሮ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ይህን ልማድ ከማን እንደወሰደው ግልጽ ነው።

ያ የስፖርት መምህር ለተማሪዎቹ ቡድን አቋቁሞ ሁለት ክብ አሠርቶናል። ገለባው አሁንም ከቡሌ ነው የሚመጣው። እህታቸው እንዳዩን «ወንድሜ አለ?» ይላሉ፤ «አሉ» ስንላቸው ይስቃሉ።

ባለቤቴ ባለሙያዋ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደ ቀን አብሬው ነበርኩ። «እጅዎን ያንሱ» አለችው። አነሳው፤ ከትከሻው አለፈ፣ ከጆሮው አለፈ፣ ጣሪያውን እያመለከተ ቆመ። ትንሽ ዘመም ይላል፤ እሷ ግን ይበቃዋል አለች። ወጥተን በዋናው መንገድ ዳር ስንሄድ ወደ ገደብ የሚሄድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ የቀድሞ ጓደኛው ነው፤ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለው በመስኮት።

«ሰኞ» አለ ባለቤቴ።

ለእኔ አልነገረኝም ነበር። ዞሬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ ገበያ ገብተን ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛንና፣ ዘንቢሉን በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ቤት ሄድን።